ዜማ ከየት ይጀምራል?

(በሬዲዮ ከተነገረ በኋላ ለንባብ የተዘጋጀ)



የዛሬው ንግግሬ ስለ ዜማ አጀማመር ነው። ነገሩ ለሙዚቃ ሊቃውንት ብቻ የተተወ መስሎ እንዳይታያችሁ፥ ይህን ርእስ እንድመርጥ ያስገደደኝን የራሴን ስሕተት አስቀድሜ ልናገር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ዝግጅት የሚሆን ድምፅ እንድቀርፅ ወደ ደብረ ታቦር ተልኬ ነበር። ደብረ ታቦር ከባሕር ዳር በስተ ምሥራቅ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደጋ ላይ የተቀመጠች፥ ዐፄ ቴዎድሮስ መናገሻ አድርገዋት የነበረች፥ የጉና ተራራ ነፋስ የማይለያት ከተማ ናት። በበዓሉ ሌሊት መቅረጸ ድምፄን ይዤ ከማኅሌቱ ዳር ቆምሁ። አንድ ሽማግሌ መሪጌታ ያለ ከበሮና ያለ ጸናጽል፥ ብቻቸውን ሆነው፥ በጣም በዝግታ ዜማውን አነሡ። ድምፃቸው ከደረታቸው ውስጥ እየተጐተተ የሚወጣ ይመስል ነበር። ካህናቱ በቀኝና በግራ ቆመው ዝም ብለው ያዳምጣሉ። ከዚያ በኋላ ተቀበሏቸው፤ መቋሚያው መወዛወዝ ጀመረ፤ ከብዙ ጊዜም በኋላ ከበሮው ገባ፥ ጸናጽሉ ተንሿሿ፥ ሌሊቱ ሞቀ።

ወደ አዲስ አበባ ተመልሼ ቅጂውን ለማሰማት ስዘጋጅ የተፈቀደልኝ ጊዜ አራት ደቂቃ ብቻ ነበር። እኔም በልቤ፥ «አድማጭ የሚፈልገው የሞቀውን ነው፤ የሽማግሌው አነሣሥ ጕሮሮ ከመጥረግ የሚቈጠር ነው» አልሁ። ይህንም ብዬ መነሻውን ቈርጬ ጣልሁት፤ ከበሮው ከገባበት ጀምሬ አሰማሁ። ብዙ ሰው አመሰገነኝ፤ እኔም በምስጋናው ደስ አለኝ።

በሚቀጥለው ዓመት እንደ ገና ወደ ደብረ ታቦር ስሄድ እኒያን መሪጌታ ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። እጅ ነሥቼ፥ «የኔታ፥ ዜማዎን በሬዲዮ ሰሙት?» አልኋቸው።

«ሰማሁት፥ ልጄ» አሉኝ። «ራሱን ቈርጠህ እግሩን ስታስጨፍረው ሰማሁት።»

«የኔታ፥ ጊዜው ጥቂት ስለ ሆነብኝ ነው እንጂ ዋናውን ነገርስ አላስቀረሁም» ብዬ መለስሁ።

«መነሻውን ያልሰማ ሰው ዋናው የትኛው እንደ ሆነ በምን ያውቃል?» ብለው ጠየቁኝ።

መልስ አልነበረኝም። ይህ ጥያቄ ግን ከደብረ ታቦር እስከ አዲስ አበባ በመንገዱ ሁሉ ተከተለኝ፤ ቤቴም ገብቶ ዐብሮኝ ተቀመጠ። በሥራዬ ምክንያት የአውሮፓን ሙዚቃ ማድመጥ አዘወትር ስለ ነበር፥ ጥያቄውን በመጀመሪያ በዚያ ልፈትነው አሰብሁ። ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ በቪየና ከተማ ስማቸው የገነነ ሦስት ደራስያን ነበሩ። እነርሱም ዮሴፍ ሃይደን፥ ቮልፍጋንግ አማዴዎስ ሞዛርትና ሉድቪግ ቫን ቤትሆቨን ናቸው። እነዚህ ሰዎች ለፒያኖም ሆነ ለአራት ባለ አውታር መሣሪያዎች፥ ወይም ለትልቅ ኦርኬስትራ በሚደርሱበት ጊዜ፥ አብዛኛውን ጊዜ የድርሰቱን የመጀመሪያ ክፍል የሚያቆሙበት አንድ የታወቀ አሠራር አለ። ይኸውም ዛሬ የሶናታ ቅርፅ ተብሎ የሚጠራው ነው።

አሠራሩን በአጭሩ ብንገልጸው የመንገደኛ ታሪክ ይመስላል። አንድ የዜማ ሐሳብ በቤቱ ይነሣል። ቤት ያልሁት ድምፆች ሁሉ ዞረው የሚያርፉበትን ዋና ድምፅና ቅኝቱን ነው። ከዚያ በኋላ ዜማው ከቤቱ ወጥቶ ወደ ሌላ ቅኝት ይሻገራል፤ በዚያም ሁለተኛ ሐሳብ ይነሣል። በመካከለኛው ክፍል ሐሳቦቹ እየተቈራረሱ ከቅኝት ወደ ቅኝት ይንከራተታሉ። በመጨረሻም የመጀመሪያው ሐሳብ ወደ ቤቱ ተመልሶ እንደ ጥንቱ ይሰማል፤ በሰው አገር የተነሣው ሁለተኛው ሐሳብም ተከትሎት ወደዚያው ቤት ይገባል።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ የዚህ ሁሉ ጕዞ ትርጕም የተመሠረተው በመነሻው ላይ ነው። ሲወጣ ያላየነውን ሰው «እንኳን ደኅና ተመለስህ» ልንለው አንችልም። ስለዚህ እነዚህ ደራስያን አድማጩ ቤቱን በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ለይቶ እንዲያውቀው ለማድረግ ብዙ ጥበብ ያወጡ ነበር። ይህን በምሳሌ እንመልከት።

ቤትሆቨን በ1796 ሦስት የፒያኖ ሶናታዎችን በአንድነት አሳትሞ ለሃይደን መታሰቢያ አደረጋቸው። በዚያን ጊዜ ዕድሜው 25 ዓመት ያህል ነበር። የመጀመሪያይቱ ሶናታ መነሻ ስምንት ባር ብቻ ነው። ባር ማለት የምት አንድ ክፍል ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ባሮች ዜማው ከታች ተነሥቶ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው እየዘለለ ወደ ላይ ይወጣና ከጫፉ ላይ በአጭር ጌጥ ይታጠፋል። ይህ የሆነው በቤቱ ድምፅ ላይ ነው። በሚቀጥሉት ሁለት ባሮች ያንኑ ነገር ይደግመዋል፤ ነገር ግን የቆመበት ድምፅ ተለውጧል፤ ከቤቱ ደጃፍ አንድ ርምጃ ወጥቷል። ቀጥሎ ያ ረጅም ቃል ያጥራል፤ ጅራቱ ብቻ ተቈርጦ በአምስተኛውና በስድስተኛው ባር አንዳንድ ጊዜ ይሰማል። በመጨረሻዎቹ ሁለት ባሮች ዜማው ከፍ ካለው ቦታ ላይ ደርሶ ወደ ታች ይወርድና፥ ያልተፈጸመ ነገር ባለበት ድምፅ ላይ ቆሞ ዝም ይላል።

የሙዚቃ መምህራን ይህን ስምንት ባር እንደ አንድ ዐረፍተ ነገር ይቈጥሩታል። አንድ አሳብ ይነገራል፥ ይደገማል፥ ያጥራል፥ ይቆማል። ዊልያም ካፕሊን የተባሉ በካናዳ ያስተማሩ ሊቅ በ1998 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን ነገር በሰፊው ተንትነውታል። የትምህርታቸው ፍሬ ነገር እንዲህ ነው፤ በእነዚህ ደራስያን ሥራ ውስጥ እያንዳንዱ የዜማ ቍራጭ መነሻ፥ መካከል ወይም መድረሻ መሆኑን በራሱ ጠባይ ይናገራል። መነሻ የሆነው በቤቱ ድምፅ ላይ ይረግጣል፤ ራሱን በግልጽ ያሳያል፤ አይቸኵልም። መካከል የሆነው ይቈራረሳል፥ ይፋጠናል። መድረሻ የሆነው ወደ ማረፊያ ያዘነብላል። ስለዚህ ጆሮው የሠለጠነ ሰው አንድን ዜማ ከመካከሉ ቢሰማው እንኳ፥ «ይህ ጅማሬ አይደለም» ሊል ይችላል።

ሆኖም መነሻ ሁልጊዜ እንደዚህ በግልጽ ደጃፉን ከፍቶ አይቀበልም። ሞዛርት በ1788 የደረሳት 40ኛዪቱ ሲምፎኒ የምትጀምረው በዜማው ሳይሆን በአጃቢዎቹ ነው። ቪዮላ የተባሉት ባለ አውታር መሣሪያዎች አስቀድመው በዝቅታ ይርገበገባሉ፤ ዜማው የሚገባው የመጀመሪያው ባር ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ነው። አድማጩ የጨዋታው ወሬ ከተጀመረ በኋላ ከቤት የገባ እንግዳ ሆኖ ይሰማዋል። ቤትሆቨን ደግሞ በታኅሣሥ 1808 በቪየና ለመጀመሪያ ጊዜ ያሰማት 5ኛዪቱ ሲምፎኒ ሦስት አጫጭር ድምፆችና አንድ ረጅም ድምፅ አከታትላ እንደምትጀምር ብዙ ሰው ያውቃል። ነገር ግን በጽሑፉ ላይ ከእነዚያ ከሦስቱ ድምፆች በፊት አንዲት ትንሽ የዕረፍት ምልክት አለች። እንግዲህ የዚያች ሲምፎኒ የመጀመሪያ ነገር ድምፅ ሳይሆን ዝምታ ነው ማለት ነው። ተጫዋቾቹ በዚያች ዝምታ ትንፋሻቸውን ሰብስበው በአንድነት ካልተነሡ የሚከተለው ሁሉ ይፈርሳል።

የሁለተኛው ሐሳብ አነሣሥ ደግሞ ከዚህ ይልቅ የረቀቀ ነው። የመጀመሪያው ሐሳብ ከዝምታ ይነሣል፤ ሁለተኛው ግን የሚነሣው በመንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ደራሲው ብዙውን ጊዜ ፊት የነበረውን ዜማ በኀይል አስኪዶ በድንገት ያቆመዋል፤ ከዚያች አጭር ዕረፍት በኋላ አዲሱ ሐሳብ ይነሣል። ሃይደን በ1795 በለንደን ባሰማት በመጨረሻዪቱ ሲምፎኒው፥ ማለት በ104ኛዪቱ፥ ሁለተኛው ሐሳብ ይነሣበታል ተብሎ ከሚጠበቀው ቦታ ላይ አዲስ ዜማ አላመጣም፤ ያንኑ የመጀመሪያውን ዜማ በሌላው ቅኝት መልሶ አሰማው። ሰውዬው ያው ነው፤ የተለወጠው አገሩ ነው። ቤትሆቨንም በዚያች በመጀመሪያይቱ ሶናታ ላይ የመጀመሪያውን ሐሳብ የገለበጠው ይመስላል፤ ፊት ደረጃ ሲወጣ የነበረው ዜማ አሁን ደረጃ ይወርዳል። የሚነሣውም በአዲሱ ቤት ውስጥ ተደላድሎ ሳይሆን ገና ከደጃፉ ቆሞ ነው። የመጀመሪያውን መነሻ ያልሰማ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ከቶ አይረዳውም፤ የሚሰማው አንድ የሚወርድ ዜማ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ስደርስ የመሪጌታው ጥያቄ ከግማሽ በላይ የተመለሰልኝ መሰለኝ። ይሁን እንጂ የአውሮፓውን መርምሬ የራሴን አገር ሳልመረምር መቅረቴ አሳፈረኝ። ስለዚህ መጠየቅና መስማት ጀመርሁ።

የደብረ ታቦርና የአካባቢው ደጋ፥ ዛሬ ደቡብ ጎንደር የሚባለው አገር፥ የዜማ ትምህርት ሀገር ነው። የቅዱስ ያሬድን ድጓ ተምሮ ሊመሰክር የሚፈልግ ደቀ መዝሙር ከየአገሩ ወደ ቤተልሔም ይመጣል፤ ይህች ቤተልሔም በጋይንት በኩል ያለችው ናት። ዝማሬና መዋሥዕት የሚፈልግ ወደ ዙር አምባ ይወጣል። በአቋቋም በኩል ደግሞ ደብረ ታቦር የተክሌ አቋቋም መምህራን የሚገኙባት ናት። ይህን አቋቋም የደረሱት በፎገራ የተወለዱት፥ በቀልዳቸው በአገሩ ሁሉ የታወቁት አለቃ ገብረ ሐና ናቸው፤ ስሙ ግን የልጃቸው የተክሌ ነው። ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ዓመት ግዕዝ፥ ዕዝልና ዓራራይ የተባሉትን ሦስት የዜማ ስልቶች እንደ ደረሰ ሊቃውንቱ ያስተምራሉ። ዜማው በጽሑፍ ላይ ምልክት የተደረገለት ግን ከዚያ ብዙ ዘመን በኋላ፥ ከ1540 እስከ 1559 በነገሡት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፥ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እጅ ነው።

በዚህ ረገድ የእኛና የአውሮፓው ታሪክ ይመሳሰላል። ሃይደንና ሞዛርት ሲደርሱ «የሶናታ ቅርፅ እንዲህ ነው» የሚል መጽሐፍ በፊታቸው አልነበረም። አዶልፍ በርንሃርድ ማርክስ የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ ቅርፁን በዚያ ስም ለትምህርት ያደላደለው ደራስያኑ ካለፉ በኋላ በ19ኛው መቶ ዓመት ነው። በሁለቱም አገር ዜማው ቀደመ፥ ሕጉ ተከተለ።

ከዜማ ምልክቶቻችን መካከል ይዘት፥ ደረት፥ ርክርክ፥ ድፋት፥ ጭረት፥ ቅናት፥ ሂደትና ቍርጥ የሚባሉት የታወቁ ናቸው፤ ድርስና አንብርም ከእነርሱ ጋር ይቈጠራሉ። እነዚህ ድምፁ የሚያዝበትን፥ ወደ ደረት የሚወርድበትን፥ የሚርገበገብበትን፥ የሚደፋበትን፥ የሚቈረጥበትን ያመለክታሉ። ከእነዚህ ሌላ ግን ከቃሉ በላይ ደቅቀው የሚጻፉ ብዙ ፊደላት አሉ። እነዚያ ፊደላት አንድ በአንድ የድምፅ ስሞች አይደሉም፤ ዐዋቂው ቀድሞ ከሚያውቀው ዜማ ቃል ተቈርጠው የተወሰዱ ናቸው። አንድ ወይም ሁለት ፊደል ባየ ጊዜ ያ ቃል የሚዜምበት ስልት በሙሉ ትዝ ይለዋል። ደግሞም በድጓው ውስጥ ያሉት ብዙ ዜማዎች በየቤቱ ይመደባሉ። ቤት ማለት በአንድ አርአያ የሚዜሙ ዜማዎች ወገን ነው፤ ስሙንም የሚያገኘው አርአያ ከሆነው ዜማ መነሻ ቃል ነው። የልጅ ስም ከአባቱ ስም ጋር እንደሚጠራ ሁሉ ዜማውም በመነሻው ይጠራል።

በአቋቋሙም በኩል የመነሻው ነገር እንደዚሁ ነው። አንዱ ዜማ በመጀመሪያ ቁም ሆኖ ያለ መሣሪያ በዝግታ ይባላል። ቀጥሎ በዝማሜ ከመቋሚያው ጋር ይባላል። ከዚያም በመረግድ ከበሮውና ጸናጽሉ ይገቡበታል፤ በመጨረሻም በጽፋት በፍጥነትና በጭብጨባ ይባላል። ዜማው አንድ ሲሆን ልብሱን እየለወጠ ይመላለሳል። የሞዛርት ሲምፎኒ አጃቢውን አስቀድማ ዜማውን ታስከትላለች፤ በማኅሌት ግን ከበሮው ተራውን ይጠብቃል። ዜማው መጀመሪያ ራቁቱን ካልታየ በኋላ የሚለብሰው ልብስ የማን እንደ ሆነ አይታወቅም።

ይህን ከሰማሁ በኋላ በሦስተኛው ዓመት ያችን የቤትሆቨንን ሶናታ ቀድቼ ወደ ደብረ ታቦር ይዤ ሄድሁ። ድፍረት እንደ ነበረ ዐውቃለሁ። መሪጌታው ግን ጋቢያቸውን አጣፍተው ዐይናቸውን ጨፍነው አደመጡ። የመጀመሪያው ስምንት ባር አልቆ ዝምታው ሲመጣ እጃቸውን አንሥተው፥ «ዐረፈ እንጂ አልጨረሰም» አሉ። እኔም ተገረምሁ፤ መምህራን በብዙ ቃል የሚያስረዱትን ነገር በአንድ ጊዜ ስሚ ዐውቀውታልና። ቀጥለው፥ «ድገመው» አሉኝ። ደገምሁት።

«ይህ ሰው አንዱን ቃል ለምን ሁለት ጊዜ ይናገረዋል?» ብለው ጠየቁኝ።

«የኔታ፥ አድማጩ ገና ስለማያውቀው ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ተናግሮ ቢያልፍ፥ በኋላ ተመልሶ ሲመጣ ማን ያስታውሰዋል?»

«እንግዲያስ ደግ አድርጓል» አሉ። ጥቂት ዝም ብለውም፥ «እኛ ዘንድ ግን የሚቀበለኝ ሰው ዜማውን ከእኔ እኩል ያውቀዋል። እኔ የማነሣለት ለመንገር አይደለም፤ ለማስታወስ ነው» አሉኝ።

ክቡራን አንባብያን ሆይ፥ እኔ ከብዙ ማድመጥና ከብዙ ንባብ ያላገኘሁት ልዩነት በዚህ በአንድ ቃል ተገለጠልኝ። የሶናታው መነሻ ትዝታን ይፈጥራል። አድማጩ ምንም ሳይዝ ይመጣል፤ ደራሲው በመነሻው አንድ ነገር በልቡ ውስጥ ያኖርበታል፤ በመጨረሻውም ያኖረውን ያስታውሰዋል። ቤቱ የሚሠራው እዚያው፥ በዚያው ሰዓት ነው። የማኅሌቱ መነሻ ግን አስቀድሞ ያለውን ትዝታ ይጠራል። ቤቱ ከብዙ መቶ ዓመታት ጀምሮ ቆሟል፤ መሪጌታው በሩን ያንኳኳል፤ ደቀ መዛሙርቱም ከውስጥ ሆነው «አቤት» ይላሉ። ስለዚህ የሶናታውን መነሻ የቈረጠ ሰው ያችኑ አንዲት ሶናታ ይጐዳል። የዜማውን መነሻ የቈረጠ ሰው ግን ያን ዜማ ከወገኖቹ ሁሉ፥ ከቤቱና ከስሙ ይለየዋል። እኔ ያደረግሁት ይህንኑ ነው።

ይህ ነገር የእኔ ብቻ ስሕተት ቢሆን ኖሮ በአደባባይ ባልተናገርሁትም ነበር። ነገር ግን ዛሬ በየስልኩ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩትን አጫጭር የማኅሌት ቅጂዎች ስመለከት ብዙዎቹ ከበሮው ከሞቀበት ይጀምራሉ። የሚያዳምጡት ልጆች ጽፋቱን ያውቃሉ፥ ቁሙን ግን አያውቁም። በጽሑፍ ያለውን ምልክት ሊቃውንት ያጠኑታል፤ መጽሐፉም በብራና ላይ ይቈያል። አነሣሡ ግን ከመምህር አፍ ወደ ደቀ መዝሙር ጆሮ የሚተላለፍ ስለ ሆነ፥ አንድ ትውልድ ሳይሰማው ካለፈ የሚቀጥለው ትውልድ ከብራናው ላይ ብቻውን አያገኘውም። ምልክቱ የሚያስታውሰው የሰማውን ሰው ነውና።

ሁለቱን ጥበብ በአንድነት መውደድ እንደሚቻል ደግሞ ምስክር አለን። ከ1923 እስከ 2023 በሕይወት የኖሩት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በልጅነታቸው በስዊትዘርላንድ፥ በኋላም በካይሮ የአውሮፓን ሙዚቃ ተምረዋል፤ ከመነኰሱም በኋላ በ1960ዎቹ ዓመታት ጎንደር ተቀምጠው የቅዱስ ያሬድን ዜማ አጥንተዋል። ፒያኖውን ስለ ያሬድ አልተዉም፤ ያሬድንም ስለ ፒያኖው አልናቁም። ሁለቱንም ከመነሻቸው ለመማር ታገሡ።

የታሪኬን ፍጻሜ ልንገራችሁ። ቈርጬ የጣልሁትን መነሻ በኋላ ብፈልገው አላገኘሁትም፤ በቦታው ሌላ ነገር ተቀርፆበት ኖሯል። መሪጌታውንም ሄጄ፥ «የኔታ፥ እባክዎ እንደ ገና ያንሡልኝ» ብዬ ለመንኋቸው። እርሳቸው ግን፥ «ድምፄ አልፏል፥ ልጄ፤ ደቀ መዝሙሬ ያንሣልህ» አሉኝ። ደቀ መዝሙሩ አነሣ፤ እርሳቸው ከጎኑ ቆመው በመቋሚያቸው ላይ ተደግፈው ያዳምጡት ነበር። አንድ ቦታ ላይ ብቻ አቋርጠው እንደ ገና ከመጀመሪያው አስጀመሩት። እኔ በሁለቱ አነሣሥ መካከል የነበረውን ልዩነት አልሰማሁትም፤ እርሳቸው ሰምተውታል።

ያን ቅጂ ለማሰማት ዐሥራ አንድ ደቂቃ ያስፈልገኝ ነበር። ጊዜውን ለማግኘት ብዙ ደጅ ጠናሁ፤ በመጨረሻም ተፈቀደልኝና ከመነሻው ጀምሬ ምንም ሳልቈርጥ አሰማሁት። በዚህ ጊዜ ያመሰገነኝ ሰው ጥቂት ነበር፤ አንዳንዶቹም «ዝግጅቱ ቀዘቀዘ» ብለው ነቀፉኝ። ከደብረ ታቦር ግን በአንድ መንገደኛ አፍ፥ «አሁን ራሱን ከአካሉ ጋር አየሁት» የሚል መልእክት ደረሰኝ።

እንግዲህ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ከእንግዲህ ወዲህ ሶናታም ይሁን መዝሙር፥ የክራር ጨዋታም ይሁን የእረኛ ዋሽንት ስትሰሙ፥ «መቼ ይሞቃል?» ብላችሁ ወደ ፊት አትቸኵሉ። የመጀመሪያዪቱን ደቂቃ በትዕግሥት ስሙ፤ ዜማው ከየትኛው ድምፅ ላይ እንደ ረገጠ፥ የቱን ቃል እንደ ደገመ፥ የት ላይ ዐርፎ ዝም እንዳለ አስተውሉ። ልጆቻችሁንም እንዲህ እንዲሰሙ አስተምሯቸው። ድምፅ የምትቀርፁ ወጣቶችም ብትሆኑ፥ ሽማግሌው ብቻውን ሲያነሣ መሣሪያችሁን አትዝጉት።